የምዲንጊው እረኛ ለምን ይሮጥ ነበር?

የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የክሪኬት ቡድን ጨዋታ ባለው ቀን ጠዋት ተጫዋቾቹን ከሆቴል ወደ ስታዲየም የሚያደርስ አውቶቡስ አለ። ቁርስ ይበላል፣ ዕቃ ይጫናል፣ ይሄዳል። ከተጫዋቾቹ አንዱ ግን አይሳፈርም ነበር። ሻንጣውን ለሹፌሩ ይሰጥና ስታዲየሙ ድረስ በሩጫ ይሄዳል። ማታ ሲመለስም እንደዚያው።

ይህ ሰው ማካያ ንቲኒ ነው። ሥራው ኳስ በፍጥነት መወርወር ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ሊውል ነው፤ ግን ወደ ሥራው የሚሄደውም እየሮጠ ነው።

እኛ ሩጫ ስናይ ልባችን ይሞቃል። ማለዳ የሚሮጥ ሰው ሲታይ ትዝ የሚለን እንጦጦና ሱሉልታ ነው። ብርታት ነው፣ ዲሲፕሊን ነው። እዚያም ሰዉ ያሰበው ይህንኑ ነበር። ንቲኒ በጉልበቱ የታወቀ ስለነበር ሩጫውም የጉልበቱ ምልክት ተደርጎ ታየ። እሱ ራሱ ምክንያቱን በቴሌቪዥን እስከተናገረበት እስከ 2020 ድረስ ነገሩ በዚያው ታለፈ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ወደዚያ እንመለሳለን። መጀመሪያ ግን ስለ ጨዋታው ትንሽ።

ክሪኬት አገራችን ብዙም አልገባም። ዱባይ፣ ሻርጃ ወይም ዶሃ የኖረ ሰው ግን አይቶታል። የዕረፍት ቀን ጠዋት ባዶ መሬት ላይ ፓኪስታኖችና ህንዶች በፕላስተር የተጠቀለለች የቴኒስ ኳስ ይዘው ሲጯጯሁ፣ ያ ነው። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በእንጨት ይመታል። ከመቺው ኋላ ሦስት እንጨቶች ተተክለዋል። ወርዋሪው እንጨቶቹን በኳስ ካገኛቸው፣ ወይም የተመታችው ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች፣ መቺው ይወጣል። ወርዋሪው “ዊኬት አገኘ” ይባላል። መቺው የሚያስቆጥረው ነጥብ ደግሞ “ሩጫ” ይባላል፤ ወርዋሪ የሚመሰገነው በጥቂት ሩጫ ብዙ ዊኬት ሲያገኝ ነው። ስድስት ኳስ አንድ ኦቨር ነው። ትልቁ የጨዋታ ዓይነት ቴስት ይባላል፤ እስከ አምስት ቀን ይፈጃል። አዎ፣ አምስት ቀን። የምሳና የሻይ ሰዓትም አለው።

ፈጣን ወርዋሪ የዚህ ጨዋታ የቀን ሠራተኛ ነው። በሙሉ ኃይሉ ተንደርድሮ ይመጣና በፊተኛው እግሩ መሬቱን ይረግጣል። በዚያች ቅጽበት እግሩና ወገቡ ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነቱ ክብደት ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ብዙ ወጣት ወርዋሪዎች የወገብ አጥንታቸው እየተሰነጠቀ ገና ሳይጀምሩ ይቀራሉ። ንቲኒ 101 ቴስት ተጫውቷል። በቴስት ብቻ ከ20 ሺህ በላይ ኳስ ወርውሮ 390 ዊኬት አግኝቷል። ጫማውን ሲሰቅል ከአገሩ ልጆች የሚበልጠው ሾን ፖሎክ ብቻ ነበር።

የሸራ ጫማ

ምዲንጊ በምሥራቃዊ ኬፕ፣ ያኔ ኪንግ ዊልያምስ ታውን ትባል ከነበረችው ከተማ አጠገብ ያለች የኮሳ ሕዝብ መንደር ናት። ከተማዋን ዓለም የሚያውቃት በፀረ አፓርታይድ ታጋዩ በስቲቭ ቢኮ ነው፤ ያደገውም የተቀበረውም እዚያ ነው። ንቲኒ የተወለደው ጁላይ 6 ቀን 1977 ነው። ቢኮ በፖሊስ እጅ ሕይወቱ ያለፈው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ነው። ልጁ የሁለት ወር ጨቅላ ነበር ማለት ነው።

እንደ መንደሩ ልጆች ሁሉ ከብት ጠባቂ ሆኖ አደገ፤ በባዶ እግሩ። ሲያወጋ እንደተሰማው፣ በክረምት ጠዋት ብርዱ ሲብስበት እግሩን የሚያሞቀው ገና ትኩስ የሆነ እበት ውስጥ እየከተተ ነበር። ገጠር ከብት የጠበቀ አንባቢ ይህን ሲያነብ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ።

አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው የክልሉ ክሪኬት ቦርድ ሠራተኛ የሆነ ሬይመንድ ቡዪ የሚባል ሰው ወደ መንደሩ መጣ። የመጣው ለትናንሽ ልጆች ጨዋታ ሊያስተምር ነው። ንቲኒ ለዚያ ቡድን ዕድሜው አልፏል። ቡዪ ግን አወራወሩን አየና ሊተወው አልቻለም። የሸራ ጫማ አዋሰው፤ ከተማ ወስዶ ልምምድ እንዲሞክር አደረገ። ከዚያ ለአለቃው ለግሬግ ሄይስ ነገረው። ሄይስ መጀመሪያ ዕድሜውን ተጠራጠረ። አሥራ አምስት መሆኑን ሲያረጋግጡለት ወደ ወጣቶች ውድድር ላከው፤ እውነተኛ የክሪኬት ጫማም ገዛለት። ከአንድ ማስጠንቀቂያ ጋር፦ ይህን ጫማ አድርገህ ከብት እንዳትጠብቅ።

ይህችን ማስጠንቀቂያ እወዳታለሁ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ዓለም አለባት።

ቀጥሎ ዴል ኮሌጅ ገባ። በአፓርታይድ ዘመን የነጭ ልጆች የነበረ፣ በክሪኬት ስሙ የተጠራ የወንዶች ትምህርት ቤት ነው። አወራወሩን የካሪቢያን ደሴቶች የጋራ ቡድን ለሆነው ለዌስት ኢንዲስ ከተጫወተው የባርቤዶስ ፈጣን ወርዋሪ፣ ከማልኮም ማርሻል ቀዳ። እንግዲህ አንድ እረኛ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጫማም፣ ትምህርት ቤትም፣ አሠልጣኝም፣ አርአያም አገኘ ማለት ነው። የመንደር ልጆችን ወደ ክሪኬት የሚያመጣው የቦርዱ ፕሮግራም ሠርቷል። ይህን መካድ ነውር ነው።

ግን እዚህ ጋ አንድ የተለመደ ወሬ ማፍረስ አለብኝ። “ጥቁሮች ክሪኬትን ያወቁት ከአፓርታይድ በኋላ ነው” ይባላል። ውሸት ነው። በምሥራቃዊ ኬፕ ጥቁሮች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሚስዮን ትምህርት ቤቶች ሲጫወቱ ኖረዋል። የራሳቸው ክለብ፣ የራሳቸው ውድድር ነበራቸው። የጠፋው ተጫዋች አይደለም፤ በሩ ነው የተዘጋው። በ1894 ክሮም ሄንድሪክስ የሚባል ከኬፕ ታውን የሆነ ፈጣን ወርዋሪ ወደ እንግሊዝ በሚሄደው ቡድን ሊካተት ሲገባው በቀለሙ ምክንያት ቀረ። ከዚያ ውሳኔ ጀርባ የኬፕ ቅኝ ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሴሲል ሮድስ ነበረበት። በ1968 ክልሱ የኬፕ ታውን ልጅ ባዚል ዶሊቬራ፣ ያውም ለእንግሊዝ ተመርጦ፣ የተወለደበት አገር መንግሥት አልቀበልም አለው። በ1970 ደቡብ አፍሪካ ከዓለም ክሪኬት ተገለለች። የተመለሰችው በ1991 ነው። እስከ መገለሏ ድረስ ብሔራዊ ቡድኑ የነጮች ነበር።

ንቲኒ የገባው በዚህ በር ነው።

መጀመሪያው

ጃንዋሪ 1998፣ ፐርዝ፣ አውስትራሊያ። ሌላ ወርዋሪ የአካል ብቃት ፈተናውን ስላላለፈ ንቲኒ በእሱ ምትክ ተጠራ። ከኒውዚላንድ ጋር በተደረገው የአንድ ቀን ጨዋታ (በአንድ ቀን የሚያልቀው አጭሩ ዓይነት) ሁለት ዊኬት አገኘ። ማርች ላይ ኬፕ ታውን ከስሪላንካ ጋር የመጀመሪያ ቴስቱን ተጫወተ። ለደቡብ አፍሪካ ቴስት የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ሃያ አንድ ዓመት ገና አልሞላውም።

“የመጀመሪያው” መሆን ደስ የሚል ማዕረግ ይመስላል። ኑሮው ግን ሌላ ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ከዌስት ኢንዲስ ጋር በጆሃንስበርግ በተደረገው ቴስት ደቡብ አፍሪካ ያሰለፈችው አሥራ አንድ ነጭ ነው። የማንዴላ አገር፣ በ1998። ጩኸቱ ከፍ አለ፤ ፖለቲከኞች ገቡበት። ከዚያ በኋላ አንድ ጥቁር ተጫዋች በተሰለፈ ቁጥር “በኮታ ነው የገባው” የሚል ሹክሹክታ አብሮት ይሰለፋል። ንቲኒ ኳስ ሲስት የሚስተው እሱ ብቻ አይደለም፤ ፖሊሲውም ነው የሚስተው።

በ1999 ደግሞ ከሜዳ ውጭ ከባድ ጉዳይ መጣ። በአስገድዶ መድፈር ተከሶ ጥፋተኛ ተባለ፤ የስድስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ይግባኝ ጠየቀ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ ነፃ አወጣው። በ2000 ወደ ቡድኑ ተመለሰ። ስለ እሱ ሲጻፍ ይህን ዘልለው የሚያልፉ አሉ። መዝገብ ነውና እኔ አልዘለልኩትም።

ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ዓመት የሥራ ነው። የንቲኒ አወራወር ለዓይን የሚያምር አልነበረም። ከመወርወሪያው መስመር ዳር፣ በጣም ሰፋ ብሎ ነው የሚለቃት። ኳሷ በማዕዘን ትገባለች። መቺው ወደ ውስጥ ትመጣለች ብሎ ሲጠብቅ አንዳንዷ ቀጥ ትልበታለች። መጀመሪያ ላይ “ያለችው አንድ ኳስ ናት” ይሉት ነበር። እውነትም ብልሃቱ ጥቂት ነበር። ግን ያችኑ ኳስ ጠዋትም፣ ከምሳ በኋላም፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትልም በእኩል ፍጥነት ይለቃታል። ሌላው ወርዋሪ ወገቡን ይዞ ሲያቃስት እሱ ኳሱን አምጡ ይላል። “የምዲንጊ ኤክስፕረስ” ብለው ሰየሙት።

በ2003 ሎርድስ ላይ፣ ክሪኬተኞች እንደ ቤተ መቅደስ በሚያዩት የለንደኑ ሜዳ፣ በአንድ ቴስት አሥር ዊኬት አገኘ። ከደቡብ አፍሪካውያን እዚያ ይህን ያደረገ አልነበረም። ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ።

ትልቁ ቀን ግን በትሪኒዳድ ነው። ኤፕሪል 2005፣ ፖርት ኦቭ ስፔን፣ ከዌስት ኢንዲስ ጋር። በመጀመሪያው ዙር ስድስት፣ በሁለተኛው በ37 ሩጫ ሰባት። በድምሩ በ132 ሩጫ 13 ዊኬት። ለማያውቅ ሰው ቁጥሩ ምንም ላይለው ይችላል፤ ስለዚህ እንዲህ ልበለው፦ በአንድ ቴስት ተጋጣሚው ሊሰጥ የሚችለው ሃያ ዊኬት ብቻ ነው። አሥራ ሦስቱን አንድ ሰው ወሰደ። ከደቡብ አፍሪካ ቴስት ታሪክ ሁሉ የተሻለው የአንድ ጨዋታ ውጤት ሆነ። ያኔ የማርሻል ሕዝብ ፊት ነበር፣ የማርሻልን አወራወር እየወረወረ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኬፕ ታውን ላይ በአንድ ቀን ጨዋታ የአውስትራሊያን ስድስት ዊኬት በ22 ሩጫ ወስዶ ተጋጣሚውን 93 ሩጫ ላይ አስቀረው።

መቺነቱን ባናነሳ ይሻላል። እንጨት ይዞ ሲገባ ስታዲየሙ በሳቅ ይሞላ ነበር፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

መቶኛው

ዲሴምበር 2009፣ ሴንቹሪየን። መቶኛ ቴስቱ ነው። እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ጥቁር ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ተጋጣሚው እንግሊዝ።

አምስተኛው ቀን ማምሻ ላይ እንግሊዝ ዘጠኝ ሰው ወጥቶባታል። አንድ ዊኬት ብቻ ቀርቷል። ሰዓቱ አልቆ አንድ ኦቨር ብቻ ቀርቷል። ስድስት ኳስ። ፊት ለፊት የቆመው ግራሃም ኦኒየንስ ነው፤ እሱም እንደ ንቲኒ ወርዋሪ እንጂ መቺ አይደለም። (የአባቱ ስም በእንግሊዝኛ “ሽንኩርቶች” ማለት ነው፤ የቀልድ አይደለም።) በዚያ ቀን እንግሊዞችን ያንቀጠቀጠው ገና የመጀመሪያ ቴስቱን የሚጫወተው ፍሪዴል ደ ቬት ነበር። አምበሉ ግሬም ስሚዝ ግን ኳሱን ለባለ መቶው ሰጠ።

እስቲ አስቡት። በመቶኛው ጨዋታ፣ በመጨረሻዋ ኦቨር፣ አንዲት ዊኬት ብታገኝ የሕይወት ዘመን ተረት ትሆናለች።

አላገኘም። ኦኒየንስ ስድስቱንም ተከላከለ። ጨዋታው አቻ ወጣ። ስሚዝ በስሜት ነው የወሰነው፣ ኳሱ ለደ ቬት ነበር የሚገባው ያሉ ብዙ ናቸው። እኔ በጨዋታ ሕግ ከእነሱ ጋር ነኝ፤ በአንጀት ግን ከስሚዝ ጋር። ለማንኛውም ቀጣዩ የደርባን ቴስት በሽንፈት አለቀ፤ ንቲኒም ከቡድኑ ተቀነሰ። ቴስት ዳግም አልተጫወተም። በኖቬምበር 2010 መሰናበቱን አሳወቀ። ጃንዋሪ 2011 ለእግር ኳሱ የዓለም ዋንጫ በተሠራው በደርባኑ ሞሰስ ማቢዳ ስታዲየም ከህንድ ጋር መሰናበቻ ተዘጋጀለት። ሕዝቡ ጎርፍ ነበር።

ፋይሉ እዚህ ላይ ቢዘጋ ጥሩ የስኬት ታሪክ ነው። ለብዙ ጊዜም እንደዚያው ሆኖ ሲነገር ነበር። እረኛ፣ ጫማ፣ ሎርድስ፣ 390።

እንብላ ያለው የለም

ጁላይ 2020። በአሜሪካ ጥቁሩ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ከተገደለ በኋላ ተቃውሞው ዓለምን አዳርሶ ደቡብ አፍሪካም ገብቷል። ወጣቱ ወርዋሪ ሉንጊ ንጊዲ ቡድናችን ስለ ዘረኝነት ሊነጋገር ይገባል አለ። አንዳንድ ነጭ የቀድሞ ተጫዋቾች ተቆጡት። 30 ያህል የቀድሞ ጥቁርና ክልስ ተጫዋቾች ለንጊዲ ድጋፍ ፈረሙ፤ ንቲኒ አንዱ ነው። ከዚያ በኤስ ኤ ቢ ሲ ቴሌቪዥን ቀርቦ ተናገረ።

ያለው በአጭሩ ይህ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ብቸኛ ነበርኩ አለ። ራት እንሂድ ብሎ በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። እኔ ባለሁበት የት እንደሚሄዱ ይቀጣጠራሉ፤ እኔን አይጨምሩም። ቁርስ ቤት ስገባ አጠገቤ የሚቀመጥ የለም። አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ ስቀመጥ እነሱ ወደ ፊት ይሄዳሉ። ስናሸንፍ ደስታው የጋራ ነው፤ ስንሸነፍ መጀመሪያ የምወቀሰው እኔ ነኝ። ስለዚህ ማለዳ ተነስቼ ሻንጣዬን ለሹፌሩ እየሰጠሁ በሩጫ እሄድ ነበር። ሰዎች ለምን እንደምሮጥ አልገባቸውም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። የምሸሸው ያንን ብቸኝነት ነበር።

እኛ ዘንድ ምግብ እየበላ አጠገቡ ሰው ሲያልፍ “እንብላ” የማይል የለም። ያለፈው ሰው ባይፈልግም ይባላል። ተረቱም “ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል” ነው። ይህ ሰው ግን ብቻውን መብላትን አልመረጠም። ከአሥር ዓመት በላይ ሳህኑን ይዞ ባዶ ወንበር አጠገብ ተቀምጧል፤ ዓለም ሁሉ ስሙን በሚያውቅበት ጊዜ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ የድሮ ቪዲዮዎቹን ሳይ ግራ ይገባኛል። ዊኬት ባገኘ ቁጥር ተደራርበው ያቅፉታል። እቅፉ የውሸት ነበር? አይመስለኝም። ሜዳ ላይ እውነት ነበር። ከሜዳ ሲወጡ ግን እቅፉ እዚያው ሣሩ ላይ ይቀራል። በሥራ ሰዓት ባልደረባ፣ ከሥራ ውጭ እንግዳ። በስደት የሚሠራ ያገራችን ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈልግም።

“ታዲያ ለምን ዝም አለ?” የሚል አይጠፋም። አንደኛ፣ ቦታው የኮታ ነው እየተባለ የሚታማ ሰው ቅሬታ ቢያሰማ ምን እንደሚባል መገመት ነው። ሁለተኛ፣ ምን ብሎ ነው የሚከሰው? ራት አልጋበዙኝም ብሎ? ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም አልመታኝም፣ ግን ወንበራቸውን ይቀይራሉ ብሎ? እንዲህ ያለ ነገር ለአቤቱታ አይመችም። በሩጫ ይወጣል እንጂ።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ ልመለስ። ያ ፕሮግራም ንቲኒን ሲያገኘው የጎደለውን ሁሉ ዘርዝሮ አሟልቷል፤ ከሸራ ጫማው እስከ ዴል ኮሌጅ። ዝርዝሩ ውስጥ የነበረው ግን ልጁ ብቻ ነው። ተቀባዮቹ አልነበሩም። የጎደለው ጥቁሩ፣ የሚሟላለትም ጥቁሩ ተባለ። ከሃያ ዓመት መገለል በኋላ፣ የነጭ ሰፈር አድገው፣ የነጭ ትምህርት ቤት ተምረው፣ አንድ ጠዋት ከምዲንጊ ልጅ ጋር አንድ አውቶቡስ ለሚሳፈሩት ወጣቶች ማን ምን አስተማራቸው?

ምንም። ይህን እኔ አይደለሁም የምለው። በ2021 በክሪኬቱ ውስጥ ያለውን መድልዎ የሚያጣራ ችሎት በጠበቃው ዱሚሳ ንትሴቤዛ መሪነት ተቋቁሞ ነበር። የንቲኒ የቡድን አጋር የነበረው ማርክ ባውቸር ለችሎቱ በጽሑፍ በሰጠው ቃል የሚያስቀይሙ ዘፈኖችና ቅጽል ስሞች በነበሩበት ድባብ ውስጥ ለነበረው ድርሻ ይቅርታ ጠየቀ። አክሎም ከአፓርታይድ በኋላ አብሮ ስለመኖር ተጫዋቾቹን ያዘጋጀ፣ ያነጋገረ እንዳልነበረ ጻፈ። ይህን እንደ ማምለጫ ያነበቡት አሉ። እኔ እንደ ምስክርነት ነው ያነበብኩት። በሁለቱ ሰዎች ቃል ውስጥ ያለው አንድ ክፍል ነው፤ አንዱ ከጥግ ሆኖ ያየዋል፣ ሌላው ከመሀል።

በዚያ ቃለ መጠይቅ ላይ ንቲኒ ስለ ልጁ ስለ ታንዶም አንስቷል። ታንዶም ፈጣን ወርዋሪ ነው፤ ለደቡብ አፍሪካ ከ19 ዓመት በታች ቡድን ተጫውቷል። ልጄም ይኸው እየደረሰበት ነው አለ አባት። ልጁ ጫማ አልቸገረውም፤ ያደገው የታዋቂ ሰው ቤት ነው። የእንግሊዝኛ ችግር የለበትም። “ገና ስላልለመደ ነው” የምትለዋ ማብራሪያ ለእሱ አትሠራም።

ንቲኒ ከተሰናበተ በኋላ የዚምባብዌን ቡድን አሠልጥኗል፤ ለጥቂት ጊዜም ዋና አሠልጣኝ ነበር። ዛሬ የአገሩ የቴስት ቡድን አምበል ቴምባ ባቩማ፣ ጥቁር ነው። በ2025 ሎርድስ ላይ የቴስት ዓለም ሻምፒዮና ሲያሸንፉ ዘጠኝ ዊኬት የወሰደው ፈጣን ወርዋሪ ካጊሶ ራባዳም እንዲሁ። ንቲኒ ተንበርክኮ የሳመው ያው ሜዳ ነው። ከጨዋታው በኋላ ማን ከማን ጋር ራት እንደበላ በውጤት ሰንጠረዥ ላይ አይጻፍም።

ስለ ንቲኒም አልተጻፈም። ከ1998 እስከ 2011 ያለው መዝገብ ኦቨሩን፣ ሩጫውን፣ ዊኬቱን አንድ በአንድ ይዟል። አውቶቡሱ ላይ ግን በየጨዋታው ጠዋት አንድ ሻንጣ ያለ ባለቤቱ ይጫን ነበር። እሱን በእጁ የተቀበለው ሹፌሩ ነው።